ትንንሾቹ ሲስማሙ ትልቁ ይሰማል

(በአንድ የወጣቶች የውይይት ክበብ ካደረግሁት ንግግር፣ ለጋዜጣ እንዲመች አጠር ተደርጎ የቀረበ)



የዛሬውን ርዕስ ስነግራቸው አንዳንድ ወዳጆቼ ሳቁብኝ። «አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ ስለ ደሴት ልታወራ ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ላወራ ነው። ደሴት ማለት ዙሪያውን ከእሱ በሚበልጥ ነገር የተከበበ አገር ነው። እንዲህ ካየነው ጉዳዩ ከእኛም ብዙ አይርቅም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳይምታታባችሁ ከወዲሁ ልናገር።

በመጀመሪያ አንድ ውለታ ላስታውሳችሁ። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር፣ ትልልቆቹ መንግሥታት ጄኔቭ ላይ ቃላት ያማርጡ ነበር። በዚያ ጉባኤ የሔይቲው ልዑክ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ተነስተው፣ ትልቅም ሁን ትንሽ፣ ነጭም ሁን ጥቁር፣ አንድ ቀን አንተም የሌላው ኢትዮጵያ ልትሆን ትችላለህ የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ትሪኒዳድ ላይ ደግሞ የወደብ ሠራተኞች የኢጣሊያን መርከብ ጭነት አናራግፍም አሉ። በ1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትሪኒዳድን፣ ጃማይካንና ሔይቲን ሲጎበኙ፣ ኪንግስተን ላይ ሕዝቡ የጥበቃውን መስመር ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። እኛስ? እኛ ስለ እነዚህ ሰዎች የምናውቀው ቦብ ማርሊንና ሻሸመኔን ነው። ስለዚህ ዛሬ ፖለቲካቸውን እንይ።

ባንዲራው ለምን ወረደ?

በጥር 1958 በእንግሊዝ ሥር የነበሩ 10 የካሪቢያን ግዛቶች የዌስት ኢንዲስ ፌዴሬሽን የተባለ አንድ መንግሥት አቋቋሙ። መዝሙሩም፣ ባንዲራውም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ነበሩ። ግን ነገሩ ከጅምሩ የተሰነጠቀ ነበር። የጃማይካው ኖርማን ማንሊና የትሪኒዳዱ ኤሪክ ዊሊያምስ፣ ማለትም ሁለቱ ታላላቅ መሪዎች፣ ለፌዴራሉ ምክር ቤት አንወዳደርም ብለው እቤታቸው ቀሩ። ሥልጣኑ ለባርቤዶሱ ግራንትሊ አዳምስ ደረሰ። ማዕከሉ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የገቢ ግብር መጣል አይችልም ነበር። ሰው ከደሴት ደሴት እንደ ልቡ አይዘዋወርም፤ የጋራ ጉምሩክም የለም። ታዲያ ይሄ ምን ዓይነት መንግሥት ነው? ደጁ ተቀብቶ ምሰሶው ያልቆመ ቤት ማለት ነው።

ጃማይካ ከጠቅላላው ሕዝብ ግማሽ ያህሉን ይዛ፣ ከ45ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች የደረሷት 17 ነበሩ። ሕዝቧ አጉረመረመ። ማንሊ ራሳቸው የፌዴሬሽኑ ደጋፊ ሆነው ሳለ፣ ጉዳዩን በመስከረም 1961 ለሕዝበ ውሳኔ አቀረቡት። 54 ከመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ «እንውጣ» አለ። ማንሊ ተሸነፉ፤ ውጤቱንም ተቀበሉ። ጥይት አልተተኮሰም፤ «ከሃዲ» ተብሎ የታሰረ የለም። ዊሊያምስም «ከ10 ላይ 1 ሲቀነስ 0 ይቀራል» የሚለውን ዝነኛ ሒሳባቸውን ተናግረው አገራቸውን አስወጡ። በግንቦት 1962 ማብቂያ ባንዲራው ወረደ።

ባንዲራው ይውረድ እንጂ ሁሉም ነገር አልፈረሰም። በ1948 የተቋቋመው የጋራ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም ያስተምራል። የክሪኬት ቡድናቸው ዛሬም «ዌስት ኢንዲስ» ተብሎ ይጫወታል። በ1973 ደግሞ ካሪኮም የተባለውን የጋራ ማኅበረሰብ መሠረቱ። በምሥራቅ በኩል ያሉት ትንንሾቹ ደሴቶች በአንድ ገንዘብ ይገበያያሉ። ያ ገንዘብ ከ1976 ጀምሮ በ2.70 ለአንድ የአሜሪካ ዶላር እንደተመነዘረ አለ። ያኔ የእኛ ብር 2.07 ነበር። ዛሬ ስንት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

አራቱ ባንድ ቀን

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1964 የአሜሪካ አገሮች ድርጅት አባላቱ ሁሉ ከኩባ ጋር ያላቸውን ግንኙነት እንዲያቋርጡ ወስኖ ነበር። ይህን ትእዛዝ የጣሰ የዋሽንግተን ፊት እንደሚጠቁርበት የታወቀ ነው። ታዲያ በታኅሣሥ 8 ቀን 1972 አራት ለጋ አገሮች፣ ባርቤዶስ፣ ጃማይካ፣ ጉያናና ትሪኒዳድና ቶቤጎ፣ በአንድ ቀን ከኩባ ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት መሠረቱ። (ጉያና በየብስ የምትገኝ ብትሆንም ዕጣዋን ከደሴቶቹ ጋር ያደረገች ናት።)

ልብ በሉ፤ አራቱ መሪዎች በፖለቲካ አንድ አልነበሩም። ኤሮል ባሮው፣ ማይክል ማንሊ፣ ፎርብስ በርንሃምና ኤሪክ ዊሊያምስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መንገድና ኩራት ነበራቸው። የካስትሮን ሥርዓት ይውደዱት ማለትም አይደለም። የተስማሙት በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። ከማን ጋር እንደምንነጋገር የምንወስነው እኛ ነን አሉ። አንዱ ብቻውን ቢወጣ ይቀጣ ነበር፤ አራት ሆነው በአንድ ቀን ሲወጡ ግን ማን ተለይቶ ይቀጣ? በ1975 ድርጅቱ ራሱ ክልከላውን አነሳ። ድር ቢያብር የሚባለው ይሄ ነው።

ሌሊት የሚደወል ስልክ

ግን ሁልጊዜ አይሳካም። በጥቅምት 1983 የግሬናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሪስ ቢሾፕ በገዛ ጓዶቻቸው ተገለበጡና ተገደሉ። በቀናት ውስጥ የአሜሪካ ጦር ደሴቲቱ ላይ አረፈ። የዶሚኒካዋ ዩጂኒያ ቻርልስና ሌሎች የምሥራቅ ካሪቢያን መሪዎች «ኑልን» ብለው የጠሩ ናቸው፤ ጃማይካና ባርቤዶስም አብረው ዘመቱ። ትሪኒዳድና ጉያና ተቃወሙ። ማኅበረሰቡ ለሁለት ተሰነጠቀ።

ዛሬም ፈተናው አላለፈም። በ2025 የአሜሪካ የጦር መርከቦች ወደ ካሪቢያን ባሕር ሲገቡ፣ ካሪኮም ቀጠናው የሰላም ቀጠና ሆኖ እንዲቆይ መግለጫ አወጣ፤ ትሪኒዳድና ቶቤጎ ግን ከዚያ አቋም ራሷን አገለለች። ወንጀልና አደንዛዥ ዕፅ ያስመረረው መንግሥት የራሱ ምክንያት አለው፤ ልንሰማውም ይገባል። ቢሆንም ትልቁ ኃይል ትንንሾቹን ሰብስቦ አያነጋግርም፤ በየተራ ይደውልላቸዋል። ማኅበር የሚፈተነው ስልኩ በተደወለበት ሌሊት ነው።

ቀን ቆጥረው የሸጡ

ከካሪቢያን ወደ ፓስፊክ ልሻገር። እዚያ ያለው ምሳሌ ኪስ የሚነካ ነውና። ለጣሳ ከሚታሸገው ቱና ብዙው የሚጠመደው በፓስፊክ ደሴቶች ባሕር ውስጥ ነው። ድሮ ባለ ትልልቅ መርከብ አገሮች እያንዳንዱን ደሴት ለብቻው ያነጋግሩ ነበር። «እምቢ ካልክ ጎረቤትህ ይፈቅድልናል» ይሉታል። ባለ ባሕሩ ከዓሣው ዋጋ ጥቂት በመቶ ብቻ ይደርሰው ነበር።

በ1982 በተጀመረ ስምምነት የተሳሰሩ ስምንት አገሮች፣ ከእነዚህም ኪሪባቲ፣ ናውሩ፣ ቱቫሉና ፓፑዋ ኒው ጊኒ ይገኙበታል፣ ከ2007 ወዲህ አንድ ዘዴ ሥራ ላይ አዋሉ። መርከቦች ሁሉ በዓመት የሚያጠምዱበትን የቀን ብዛት በጋራ ወሰኑና ቀኑን መሸጥ ጀመሩ። ከዚህ በታች አንሸጥም የሚል የጋራ ዋጋም አስቀመጡ፤ እሱም ለአንድ ቀን 8 ሺህ ዶላር ደረሰ። በ2010 ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ዓመታዊ ገቢ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 500 ሚሊዮን ተጠጋ። ዓሣው ያው ዓሣ ነው፤ ባሕሩም ያው ባሕር። የተለወጠው ሻጮቹ እርስ በርስ መሻማታቸውን መተዋቸው ብቻ ነው።

ለወጣቶች አንድ ልጨምር። አሥራ ሁለት የፓስፊክ አገሮች በጋራ የሚያስተዳድሩት ዩኒቨርሲቲ አለ። በ2019 የዚያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች የአየር ንብረት ጉዳይ ለዓለም ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚል ሐሳብ አነሱ። የቫኑዋቱ መንግሥት ሐሳቡን ይዞ ዞረ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2023 ተቀበለው። በሐምሌ 2025 ሔግ ያለው ፍርድ ቤት መንግሥታት የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው የሚል አስተያየት ሰጠ። ከክፍል የተነሳ ሐሳብ የት እንደደረሰ እዩ!

እኛስ?

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው የምትሉ ካላችሁ፣ በ1975 ሎሜ ላይ 46 የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓስፊክ አገሮች ከዘጠኙ የአውሮፓ ማኅበር አገሮች ጋር አንድ ሆነው ተደራድረው ተፈራርመዋል። ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ከጃማይካና ከፊጂ ጋር በአንድ ወገን ተቀምጠናል ማለት ነው።

እኔ ከነዚህ ሰዎች ታሪክ የተረዳሁት ይህን ነው። ባንዲራ በማብዛት ወይም «ወንድማማች ነን» በማለት ብቻ ኅብረት አይቆምም። ጥቅሙ የሁሉም የሆነ አንድ ጉዳይ ይመረጣል፤ ዓሣ ይሁን፣ ገንዘብ ይሁን፣ ዩኒቨርሲቲ። በዚያ ጉዳይ ላይ ለውጭው አንድ ቃል ይነገራል። በሌላው ይለያዩ፤ ምንም አይደል። መሪም ሕዝቡን ጠይቆ «አይ» ሲባል መልሱን ይቀበላል። የጃማይካ ሕዝብ «አይ» ካለ ከ12 ዓመት በኋላ በገዛ ፈቃዱ ካሪኮምን ሲመሠርት የተገኘው፣ ያኔ በግድ ስላልተያዘ ይመስለኛል።

በአፍሪካ ቀንድ ያለን ጎረቤታሞች የጋራ የሆነ ወንዝ፣ መንገድ፣ ከብትና ገበያ ሞልቶናል። «ከማን ጋር እናብር?» የሚለውን ለመሪዎች ብቻ ትተን ብዙ ዓመት ቆይተናል። ከዛሬዎቹ ጉዳዮች የትኛው ነው ከጎረቤቶቻችን ጋር አንድ ቃል ልንናገርበት የምንችለው? ውይይቱን ከዚህ እንድንጀምር እለምናችኋለሁ።