አዲሱ ፒክአፕ ለምን ነዳጅ በላ?

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ “ከሥራሽ አንድ ነገር አካፍዪን” ሲሉኝ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ እናቶች ጤና ትናገራለች ብለው ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን ስለ መኪና ልናገር ነው የመጣሁት። አትሳቁ! እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ስንቶቻችን ነን ዛሬ ሜዲካል ዳይሬክተር፣ ዲን ወይም የፕሮጀክት ኃላፊ ሆነን የነዳጅ ወረቀት የምንፈርመው? ንግግሬ በተለይ ለእናንተ ነው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አባይን ተሻግሮ ባለ አንድ ሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር ነበርኩ። አንዲት አሮጌ ደብል ጋቢና ነበረችን፤ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ከዚያ አዲስ የናፍጣ ፒክአፕ መጣልን። አብሮት የመጣው ወረቀት በሊትር 12 ይላል። ነዳጅ ተረፈን ብለን ደስ አለን። በሦስተኛው ወር የስምሪት ክፍሉ ሒሳቡን ሲሠራ ግን 7.5 ሆኖ ተገኘ። በወር 3,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 250 ሊትር መፍጀት ሲገባው 400 ፈጀ ማለት ነው። 150 ሊትር የት ገባ?

መልሱ ለሁላችንም ግልጽ መሰለን፤ ሾፌሩ ቀድቶ ሸጦታል። ሾፌሩ በዕድሜ አባቴ የሚሆን፣ ሁላችንም “ጋሼ” የምንለው ሰው ነበር። ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፤ ከመኪናው ወርዶ በር ላይ ጥበቃ እንዲሆን ተወሰነ። ደብዳቤውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩትም።

መኪናውን ለሌላ ሾፌር ሰጠን። ከአንድ ወር በኋላ ሒሳቡ ሲመጣ 7.6 ይላል። ያን ቀን ቢሮዬ ተቀምጬ በጣም አፈርኩ። ጎንደር ተማሪ እያለን፣ በቲቲፒ ጊዜ ጤና ጣቢያ ስንወርድ እንኳ፣ ታሪክ ሳይወስድ ምርመራ የጀመረ ተማሪ ምን እንደሚደርስበት የምታስታውሱት ነው። እኔ ታሪክም ሳልወስድ፣ ሳልመረምርም መድኃኒት አዝዣለሁ።

ስለዚህ እንደ ሐኪም ልያዘው አልኩ። ታንኩን እስከ አፉ ሞልተን፣ የተቀዳውን እየመዘገብን፣ መልሰን እስከ አፉ እየሞላን አንድ ሳምንት አብሬ ተጓዝኩ። ርቀቱን ደግሞ በስልኬ ጂፒኤስ ለካሁ። ጋሼንም ከበሩ ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ያገኘነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቆጣሪው ራሱ። መኪናው ሲመጣ 265/65 ባለ 17 ኢንች ጎማ ነበረው። ለኮረኮንቹ ይሻላል ብለን ወዲያው 265/70 አስገብተንለታል። የጎማው ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ገደማ የነበረው 803 ሆነ። ትልቅ ጎማ አንዴ ሲዞር የበለጠ ይሄዳል፤ ቆጣሪው ግን ይህን አያውቅም። 100 ኪሎ ሜትር ስንሄድ 97 አካባቢ ይመዘግባል። መኪናው የሄደው ርቀት ከመዝገቡ ላይ ጎድሏል ማለት ነው። ይህ ብቻ በወር ወደ 8 ሊትር ያስጎድላል።

ሁለተኛው በሚኒሞ መቆም ነው። እንዲህ ያለ የናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ፣ ኤሲው ከተከፈተ፣ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ያቃጥላል። ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ፤ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ሞተሩ ሳይጠፋ ይቆማል። በወር 65 ሊትር! ለምን ይቆማል? አንዳንዴ ሪፈር የተባለች እናት ውስጥ ተኝታ ሙቀት እንዳይጎዳት ነው፤ ይህ ተገቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን እኛን ዶክተሮቹን እየጠበቀ ነው። “መጣሁ፣ አምስት ደቂቃ” ብለን አርባ ደቂቃ የምንቆየው እኛ ነን። አሮጌዋ መኪና ኤሲዋ ስለማይሠራ ማንም ሞተር አስነስቶ አይጠብቅባትም ነበር።

ሦስተኛው ፖርቶመጋላው። እኔው ነኝ ያስገጠምኩት፤ ፍራሽና ካርቶን ይጫንበታል። ጣሪያ ላይ የተቆለለ ዕቃ በአውራ ጎዳና ላይ ፍጆታውን ከአስር በመቶ በላይ ሊጨምር ይችላል። በዚህ ላይ ፍጥነት አለ። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው፤ ከ80 ወደ 110 ስትሉ በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረውም። አሮጌዋ ከ80 በላይ አትሄድም፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ትጮኻለች። አዲሱ ግን ድምፅ የለው፣ በ110 እየሄደ በ70 የሚሄድ ይመስላል። “ጋሼ፣ ፍጠን እንጂ” የምንለውም እኛው ነን። ሁለቱ ተደምረው በግምቴ ወደ 40 ሊትር ይወስዳሉ።

አራተኛው አባይ በረሃ። በወር አራት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ነበረን፤ በየጉዞው ገደሉን ሁለት ጊዜ መውጣት ነው። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍ ለማለት፣ ለከፍታው ብቻ፣ ሁለት ሊትር ገደማ ናፍጣ ይፈልጋል፤ የአባይ ዳገት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ቁልቁለቱ የተወሰነውን ይመልሳል፤ የቀረው በፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ቁልቁለቱ የቆጠበውን ቀንሼ ወደ 8 ሊትር ሰጠሁት። አዲሱ መኪና ከአሮጌዋ ይከብዳል፤ ለሚሸከመው ክብደት ሁሉ በዳገት ላይ ይከፍላል።

ደምሩት፤ 121 ሊትር። የቀረው ወደ 30 ሊትር ኮረኮንቹ፣ የጎማ ነፋስ መጉደል፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ከተማ ውስጥ የሚደረገው አጭር ምልልስና እየሄደ የሚሠራው ኤሲ ነው። ያ 12 የሚለው ቁጥርም ቢሆን ውሸት አልነበረም። ሲለካ መኪናው የሄደው በላብራቶሪ ነው፤ ያለ ፖርቶመጋላ፣ ያለ ዳገት፣ ያለ ኮረኮንች። እኛ የአንድ ጤነኛ ወጣት የላብራቶሪ ውጤት ይዘን ሸክም ተሸክሞ ገደል የሚወጣ ሰው ላይ ፈረድን። የእናንተ መኪና ደግሞ የጭስ ማጣሪያ ያለው አዲስ ናፍጣ ከሆነ፣ የተጠራቀመውን ጥላሸት ለማቃጠል በየጊዜው ተጨማሪ ነዳጅ ይረጫል፤ አጭር አጭር ጉዞ ይህን ያበዛዋል።

ነዳጅ አይሰረቅም እያልኩ አይደለም፤ ይሰረቃል። ነገር ግን ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጎማው ተቀይሯል? ስንት ሰዓት ቆሞ ይሠራል? ከታንክ ሙሉ እስከ ታንክ ሙሉ ተለክቷል? ሦስቱንም ለማወቅ አንድ ሳምንትና አንድ ደብተር ይበቃል።

የተጓዝንበት ሳምንት ሲያልቅ በመኪናው ውስጥ ይቅርታ ጠየቅኩት። ጋሼ ዝም ብሎ ቆየና “ዶክተር፣ እርስዎ በሽተኛ ሲመጣ የት እንዳመመው ይጠይቃሉ። እኔን ግን አልጠየቁኝም። ቆሞ እየሠራ መሆኑን እነግርዎ ነበር” አለኝ። በማግስቱ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይቅርታዬን ደገምኩት። ወደ መኪናውም ተመለሰ። ጉዳዩ አለቀ ብዬ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። “ማስጠንቀቂያው ፋይሌ ውስጥ አለ። ይቅርታው ግን የለም” አለኝ።

እውነቱን ነው። ቁጭ ብዬ ማስጠንቀቂያውን የሚሽር ደብዳቤ፣ ምክንያቱን በሊትር ዘርዝሬ፣ ጻፍኩና ፈረምኩ። ግልባጩን ለእሱ ሰጠሁት። አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና ወጣ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያንኑ መኪና ነዳ።