ቦንጋ የደረሰ ሱቅ ይግባ

እሷ፦ መንገደኛ አገር ሲገባ መጀመሪያ አልጋ ይፈልጋል። አንተ ግን ቦንጋ ላይ ሱቅ ለሱቅ ስትዞር ነበር አሉ።

እሱ፦ ታዲያስ! የአገሬው ጓዳ የሚታየው እዚያ ነው። ሳሙናና ፓስታውን እለፊው፤ የትም አለ። በክር ተሰክቶ የተንጠለጠለውን ኮረሪማ እዪ፣ ከጎኑ ደግሞ ጥምዙን።

እሷ፦ ጥምዝ መርካቶም ሞልቷል እኮ።

እሱ፦ ስንት እጅ ዞሮ! እዚያው ካፋ ውስጥ ከጫካው ነው የሚለቀመው። ጠቆር ያለ፣ ቀጠን ያለ ፍሬ ነው። ሰበር አድርገሽ ስታሸቺው ያቃጥላል፣ ጢስ ጢስም ይላል፤ ከምድጃ በላይ የሚያደርቁት አሉና። ቅቤ ሲነጠር ትንሽ ጣል ይደረግበታል።

እሷ፦ ማሩስ?

እሱ፦ ቀፎው ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የሚቆረጥ የጫካ ማር ነው። በሃይላንድ ተሞልቶም ይሸጣል። ሳትቀምሺ እንዳትገዢ!

እሷ፦ የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከጥብቅ ስፍራ የወጣ ማርና ቅመም መግዛት ደኑን አይጎዳም?

እሱ፦ እኔ እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የምለው። ገበሬው ከቆመው ዛፍ ካልተጠቀመ ምን ብሎ ይጠብቀዋል? ክፋቱ፣ ትርፉን ብዙ ጊዜ መሀል ያለው ነጋዴ ይወስደዋል። ስለዚህ በገበያ ቀን ከባለቤቱ እጅ መግዛት ይሻላል።

እሷ፦ ዋጋ ይከራከራሉ?

እሱ፦ እንዴታ! ግን በወግ። ቡና ስትገዢ፣ በጣሳ ከሆነ የሚሰፈረው፣ ተቆልሎ ይሰፈርልሽ። ደግሞ ጥሬውን ግዢ።