ስንቁን ስናቀብል መድኑን አንርሳ
(አንዲት የደቅ አባላችን በስብሰባችን ላይ ያደረገችው ንግግር)



ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ክልላችን ከአራቱ የሙከራ ክልሎች አንዱ ነበር። መዋጮው የሚከፈለው ለቤተሰቡ በሙሉ ነው፤ ካልታደሰ ለልጆችም አይሠራም።

ባለቤቴ የታሰረ ዓመት ስንቅ ስመላለስ የማሳደሻው ጊዜ አለፈኝ። ልጄ ስትታመም በጀልባ ባሕር ዳር ተሻግሬ ያሳከምኳት በጎቼን ሸጬ ነው። እሱም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እንደጀመረ ተፈታ፤ የሕክምና ወረቀት ግን አልያዘም። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው፤ ለወራት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ወረቀቱ እስኪመጣ ሳምንት ሙሉ ሳይውጥ ቆየ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ታሳሪ ከዘመዶቹና ከሐኪሙ ጋር የመገናኘት መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ልንጠይቀው ስንሄድ ስለ ሕክምናውም እንጠይቅ፤ ሲፈታ ወረቀቱን ይዞ ይውጣ።

ማኅበራችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ሰው የታሰረባት እህት መዋጮዋን በወቅቱ እንድትከፍል ከሣጥናችን እናበድራት። ፈጽሞ መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ፣ እንድትመዘገብ አብረናት ቀበሌ እንሂድ። የታሰረው አንድ ሰው ነው፤ ቤቱ በሙሉ አይታሰር።