«የእኔው ቶሎ ይለሰልሳል»



በቴሌግራም ቡድናችን ስለ መክሰስ በተወራ ቁጥር ሳቅ አይጠፋም። ምን ይደረግ፣ በአማርኛችን ዳቦ ቆሎም «እሱ» ነው፣ ባልም «እሱ» ነው። አንዷ አባላችን ለሽያጭ የምትጠብሰው ዳቦ ቆሎ በክረምቱ እርጥበት ቢያስቸግራት፣ «የአንቺው እንደ ጠነከረ ይቆያል፤ የእኔው ቶሎ ይለሰልሳል፤ ምን ላድርግ?» ብላ ጻፈች። ጓደኛዋም «በደንብ ሳይግል አትጀምሪ፤ ሳይቀዘቅዝም አትክደኚው» አለቻት። እስኪመሽ ሳቅን። ምክሩ ግን ትክክል ነው፤ ትኩሱ ከተከደነ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል።

ባሏ ስልኳን ሲያይ አልሳቀም። ከቡድኑ ውጪ አላት። ደንበኞቿን የምታገኘው እዚያ ነው፤ ብትወጣ የልጆቿ ደብተርና ዩኒፎርም ከየት ይመጣል? ከመካከላችን «ቀልድ ይከልከል» ያሉ ነበሩ። አልተቀበልነውም፤ ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር የዋለች ሴት መሳቅም አይፈቀድላት? ይልቅ ሦስት ሆነን አንድ ኪሎ ዳቦ ቆሎ ቋጥረን ቤታቸው ሄድን። ቡና ተፈላ። መልእክቱን ከላይ እስከ ታች፣ ዘይቱንም ክዳኑንም ሳናስቀር አነበብንለት። «አትክደኚው» ላይ ስንደርስ ቡናው ትን አለው።

አሁን የሚስቱን ትእዛዝ የሚያደርሰው እሱ ነው። በቡድኑ ውስጥ ስሙ «ዳቦ ቆሎው» ሆኗል፤ ያውቃል።