ስለ አንዲት ሰማያዊ ዓይን ስለ ተመኘች ልጅ



ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ያሳተመችው የመጀመሪያ ልብ ወለድ፣ በኦሃዮ በሎሬን ከተማ የምትኖረው የ11 ዓመቷ ፔኮላ ዓይኖቿ ሰማያዊ ይሆኑላት ዘንድ ስትጸልይ ያሳያል።

የእጩ መምህራን የንባብ ማኅበር በዚህ መጽሐፍ ላይ በተወያየ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ጥፋቱን ሁሉ በአባቷ ላይ ጣሉት፤ በደሉም በእውነት የሚሰቀጥጥ ነው። ሌሎች እናቷን ፓውሊንን አነሡ፤ ይህች ሴት በነጮች ቤት ተቀጥራ የእመቤቷን ልጅ ታባብላለች፣ የገዛ ልጇን ግን በጥፊ ትመታለች።

አንዲት እጩ መምህርት ግን፣ «መጽሐፉ የሚጀምረው እኮ ከእኛ ነው» አለች። እውነትም መክፈቻው የአሜሪካ ሕፃናት ንባብ ይማሩበት የነበረው የዲክና የጄን ታሪክ ነው። ደራሲዋ ይህን ሦስት ጊዜ ትደግመዋለች፤ አንደኛ በሥርዓቱ፣ ሁለተኛ ያለ ሥርዓተ ነጥብ፣ ሦስተኛ ቃል ከቃል ሳይለይ (ሁለት ነጥብ ለለመደ የአማርኛ አንባቢ ጭንቅ ነው)። ቀጥላም ልጅቱ ለሁለት በተሠራ ወንበር ብቻዋን የምትቀመጥበትን፣ መምህራንም ወደ እርሷ ላለማየት የሚጠነቀቁበትን ገጽ አነበበች።

አባትየውን ሲወቅሱ የነበሩት ዝም አሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ በልምምድ ክፍሉ በኋላ ረድፍ የምትቀመጠውን ልጅ ስም ገና እንደማያውቅ ተናገረ።