የድሮው ካርትሪጅ ይሠራል ወይ?



ሐኪም ስለ አሮጌ ኮምፒውተር ምን አገባት ትሉ ይሆናል። ታገሡኝ፣ አላረዝምም።

እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ኤምኤስኤክስ የሚባል የቤት ኮምፒውተር ስታንዳርድ ይፋ ሆነ። ዋናው አራማጁ ካዙሂኮ ኒሺ ነበሩ። ኮምፒውተሩን ሶኒም ይሥራው ፓናሶኒክ ወይም ፊሊፕስ፣ ለአንዱ የተገዛ ካርትሪጅ ለሌላውም ይሆናል። በ1990ዎቹ ምርቱ ቆመ፤ ወዳጆቹ ግን እስካሁን አልተዉትም።

ዛሬ የሚከራከሩት እንዴት ይነሣ በሚለው ነው። አንዱ ወገን፣ «የድሮው ዚ80 ፕሮሰሰር ይበቃል፣ አትነካኩት» ይላል። ሌላው፣ «አዲስ ቺፕ ካልገባበት የሙዚየም ዕቃ ነው» ባይ ነው። እኔ ብጠየቅ መመዘኛዬ አንድ ነው፦ የድሮው ካርትሪጅ ሲሰካ ይሠራል ወይ? የቆመ ልብ ስንቀሰቅስም እኮ መምታቱ ብቻ አይበቃንም፤ ሰውየው ሲነቃ ልጆቹን ያውቃል ወይ እንላለን።

ነገሩ የከነከነኝ በሥራዬ ስለማየው ነው። የአንዱ ኩባንያ ሞኒተር ገመድ ለሌላው አይሆንም። ገመዱ ሲበጠስ ደህናው ሞኒተር ጥግ ይቆማል፤ ነርሷ የልብ ምት በእጇ ትቆጥራለች። እነሱ ለልጆች ጌም ያሰቡትን እኛ ለታማሚ አላሰብንለትም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ በግዢ ኮሚቴ የምትቀመጡ ብዙ ናችሁ። አደራ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ ካለን ዕቃ ጋር ይሠራል ወይ?