ኦቲዝምን ለይቶ ስለማወቅ
(በአረቅጥ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምናነሣው አንድ ልጅ ኦቲዝም እንዳለበት በምን ይታወቃል የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው የሐኪም ይመስላል። ነገር ግን በዚህ በጉመር ደጋ አንድ ልጅ ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉ ሳይፈታ ቢቀር፣ እናቱ አስቀድማ የምትመጣው ብዙ ጊዜ ወደ እናንተ ነው።

ኦቲዝም በደም ምርመራም ሆነ በራጅ አይታይም። የሚለየው ወላጅን ስለ ልጁ አስተዳደግ በመጠየቅና ልጁን ረጋ ብሎ በመመልከት ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የምርመራ መጠይቆቹ በአብዛኛው የተዘጋጁት በምዕራቡ ዓለም ነው፤ ከሚያዩአቸው ምልክቶች አንዱ ልጁ የሰውን ዓይን መሸሹ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ በታላቅ ፊት ዓይኑን የሚሰብር ልጅ ጨዋ ይባላል። እናት በጉራጊኛ የምታውቀውን በአማርኛ ስታስረዳ የሚቀር ነገር አለ። መስማት የተሳነውም ልጅ ሲጠሩት አይዞርም፤ ስለዚህ ጆሮው ሳይመረመር መፍረድ አይገባም። የሚጥል በሽታም ከኦቲዝም ጋር አብሮ ሊገኝ ይችላል።

አሁን የምንናገረው ለእኛ ለራሳችን የሚከብድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ልጆቻቸውን ያመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። 40.2 ከመቶው የልጁ ችግር የመንፈስ መያዝ ነው ብለዋል፤ 27.5 ከመቶው የኃጢአት ውጤት ነው ብለዋል። በሰው ዘንድ መገለልና ኀፍረት በይበልጥ ከተሰማቸው መካከል የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ይገኙበታል። ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ በደሉ የእርሱም የወላጆቹም አለመሆኑን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 መመለሱን በየዓመቱ እናስተምራለን። ታዲያ ይህ ትምህርት ለእነዚህ እናቶች ለምን አልደረሳቸውም?

አንዱን ምክንያት በዓውደ ምሕረቱ እናገኘው ይሆናል። ከበሮ ሲመታ ጆሮውን ይዞ የሚጮኽ ልጅ አይታችኋል። መስቀል ግንባሩን ሲነካው የሚሸሽ፣ ቀዝቃዛ ጠበል ሲረጭበት ራሱን የሚመታም አይታችኋል። በዙሪያው የቆመ ሰው «መንፈሱ ነው፣ ተቃጠለ» ይላል። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ግን ድምፅና መዳሰስ ከሌላው ሰው እጅግ በበለጠ ይሰማቸዋል። እናቲቱን «ወፍጮ ቤት አጠገብስ እንዴት ይሆናል? ፀጉሩን ስትላጪውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚያም እንዲሁ ከሆነ፣ የሚያስጮኸው ድምፁና መነካቱ ሊሆን እንደሚችል ትገነዘባላችሁ። ይህን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ የተነገረ ቃል ቤተሰቡን ለዓመታት ሊያስር ይችላል፤ ልጁንም በእውነተኛ ገመድ።

ጠበል ይቅር አንልም። ጠበል የሚጠመቅ ልጅ የሐኪም መድኃኒቱን አያቋርጥ፣ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል፤ አይታሰርም፣ አይመታም። ይህን ካህኑ ራሱ ቢናገር እንደ እኛ ካለ እንግዳ ይልቅ ይሰማል።

ልጁ ዓመት ሞልቶት በስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያመለክት፣ የጀመረውን ቃል የተወ፣ አንድን እንቅስቃሴ የሚደጋግም ከሆነ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አነጋግሩ፤ በእርሷም በኩል ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ሆስፒታል። ልዩ ምርመራ የሚያደርጉ ሐኪሞች በአብዛኛው በአዲስ አበባ ናቸው። ጆይና ነህምያ የተባሉት የኦቲዝም ማዕከላትም በዚያው ይገኛሉ፤ ጆይን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ያቋቋሙት ለገዛ ልጃቸው ትምህርት ቤት ቢቸግራቸው ነው። ከላይ ባነሣነው ጥናትም 74.5 ከመቶው አሳዳጊዎች ያጣነው የልጃችንን ትምህርት ነው ብለዋል።

ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የልጁን ዕድሜ ነው። ብዙ እናቶች በትክክል አይነግሩትም። በየአጥቢያው የክርስትና መዝገብ ግን ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን የተጠመቁበት ዕለት ተጽፏል። ካህኑ ያንን ቀን ገልብጦ፣ ያየውን ምልክት በሁለት መስመር ጽፎ ቢሰጣት ለምርመራው ትልቅ እገዛ ነው። ሰበካ ጉባኤውም ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ ቢያዋጣላት፣ አንድ ሰውም አብሯት ቢሄድ እንለምናለን፤ ልጁ በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ ሲጮኽ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ የሚያየው እርሷን ነውና።